ግድግዳው ድምፅ የሚበላበት ክፍል

ባለፈው ሳምንት እንቁላል ልገዛ ገበያ ወርጄ ዝናብ ያዘኝና አንድ ነጋዴ መጋዘን ገብቼ ተጠለልኩ። ነጋዴው ባዶ የእንቁላል ካርቶኖችን እስከ ጣሪያው ደርድሯቸዋል። ጣሪያው ስለሚያፈስስ የላይኞቹ ርሰው ተልፈስፍሰዋል። የረጠበ የእንቁላል ካርቶን ሽታ ያሸተተው ያውቀዋል፤ ግማሹ ወረቀት ነው፣ ግማሹ ላባና የዶሮ ቤት። አብረውኝ የተጠለሉት ሴቶች በሻሻቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ያዙ። እኔ ግን ሽታውን ደጋግሜ ሳብኩት። "አያ ጀማል ሊሄድ ነው" የሚል ሐሳብ መጣብኝ። የሚሄድ ሰው አልነበረም፣ እኔም ልጅ አይደለሁም። ሽታው ግን ይህን አላወቀም።

አያ ጀማል የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። አዲስ አበባ የሮክ ባንድ ውስጥ ጊታር ይመታ ነበር። እኔ ሦስተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት፣ ከደጎሎ በሚመጣው ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ትልልቅ ሳጥኖች አስጭኖ ወደ ከተማችን መካነ ሰላም መጣ። ፀጉሩ ትከሻው ላይ ወድቋል፤ ጀርባው ላይ ጥቁር የጊታር ቦርሳ አለ። እኔና አክስቴ ከድጃ መናኸሪያው ድረስ ሄደን ተቀበልነው።

"ወንድሜ፣ ይሄ ዕቃ ነው ወይስ ሬሳ?" አለ ረዳቱ ረጅሙን ሳጥን እያወረደ።

"ሬሳ ነው፤ የባንዱ ሬሳ።" አለ አያ ጀማል።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሳጥኑ ተከፍቶ ሽቦና ቁልፍ የሞላበት ብረት እስኪወጣ ድረስ ባጠገቡ አላለፍኩም።

አክስቴ ሳመችውና ፀጉሩን በሁለት ጣቷ አንስታ አየችው። "አልሃምዱሊላህ፣ በሰላም መጣህልኝ። ይሄን ግን ሰው ሳያየው እንቆርጠዋለን።"

"ሰውማ አይቶ ጨረሰው እኮ፣ ከድጃ።"

እናቴ ለአክስቴ ትታኝ ሳውዲ የሄደችው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነው። እንደምትሄድ ማንም አልነገረኝም፤ ከምልክቱ ነው ያወቅኩት። ሊሄድ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ፎቶ ቤት ይሄዳል። ቀጥሎ የተጣላውን ዘመድ ሳይቀር እየዞረ ይጠይቃል፤ ልጆችን ያለ ወትሮው ይስማል። ከዚያ አዲስ ጫማ ይገዛል። እናቴ በዚሁ መንገድ ሄደች። ስለዚህ አያ ጀማል ሲመጣ ደስ ቢለኝም፣ ደስታዬ ጫማ ጫማውን የሚያይ ደስታ ነበር።

ሰፈራችን ውስጥ እንቁላል የሚነግዱት እትዬ አስካለ ከጓሯቸው ያለውን ክፍል ሰጡት። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ "ወላሂ" ሲሉ ነው የሚውሉት። አያ ጀማል ባዶ ካርቶኖቻቸውን ለመናቸውና ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች ለጠፋቸው። ጣሪያው ላይ ፍራሽ ሰቀለ፤ መሬቱ ላይ ብርድ ልብስ አነጠፈ። እኔ ካርቶን እያቀበልኩት ነበር።

"ባንዱ ለምን ሞተ?" አልኩት። ሰው መጠየቅ አልወድም፤ ያን ቀን ግን ጀርባውን ሰጥቶኝ ስለነበር ነው የደፈርኩት።

"ዘፋኙ ውጭ አገር ሄደ። ከበሮ መቺው ሹፌር ሆነ። ቤዝ የሚመታው አገባ፤ ሚስቱ ጩኸት አትወድም።"

"አንተስ?"

"እኔማ ስቱዲዮ ገብቼ ሽቦ ተሸካሚ ሆንኩ። ከዚያ አንድ ቀን የቀረጻው ሰው ታመመና በሱ ቦታ አስቀመጡኝ።" ካርቶኑን በመዳፉ ተጭኖ ቆየ። "ጊታር ስመታ የምሰማው ራሴን ብቻ ነበር። ከዘፋኙ በሚለየኝ መስታወት ወዲህ ተቀምጬ ሌላ ሰው ሲዘፍን ስሰማ፣ ጆሮ እንዳለኝ ያን ቀን አወቅኩ። ከዚያ በኋላ ጊታሩ አላጓጓኝም።"

የሰፈሩ ሰዎች ግን ሥራው አልገባቸውም። በር ላይ ቆመው ይጠይቁታል።

"ምንድን ነው ሥራህ ጀማል?"

"ፕሮዲዩሰር ነኝ።"

"ትዘፍናለህ ማለት ነው?"

"አይ፣ ሌላው ይዘፍናል።"

"አንተስ?"

"እኔ እሰማለሁ።"

"እሱንማ እኛም እንችላለን!" ይሉና እየሳቁ ይሄዳሉ። እሱም ይስቃል። እኔ ግን ሳቁ ሲያልቅ ፊቱን አየው ነበር።

ክፍሉ ያለቀ ቀን ብቻዬን ገባሁ። "አያ!" ብዬ ተጣራሁ። ድምፄ ከአፌ እንደወጣ ጠፋ። እኛ አገር ድምፅ እንዲህ አይጠፋም፤ ገደሉ አፋፍ ቆመሽ ከተጣራሽ ገደሉ ይመልስልሻል፣ ቤት ውስጥም ቆርቆሮው ይመልሳል። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ምንም አልተመለሰም። ግድግዳው ላይ ያሉት እነዚያ ሁሉ ጉድጓዶች አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። ድምፄን እንደዋጡት እርግጠኛ ሆንኩ። ወጥቼ ጓሮው ውስጥ ስሜን ደጋግሜ ጠራሁ፤ የቀረኝ ድምፅ እንዳለ ለማወቅ ነው። አለ። ግን ያነሰ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ ክፍል ስገባ ቃል ላልናገር ወሰንኩ። ሲጠይቀኝ ራሴን እነቀንቃለሁ ወይም በጣቴ አሳያለሁ።

የመጀመሪያ ሥራው እንዲሆንለት የፈለገው የእመት ዘሃራን መንዙማ ነበር። እመት ዘሃራ በሰፈራችን የሴቶቹን ዱዓ የሚመሩ ትልቅ ሰው ናቸው። እሳቸው መንዙማ ሲያወጡ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ጭነቱን ሳያወርድ ቆሞ ይሰማል። ለመቀረጽ እሺ ያሉት ሪያድ ላለው ልጃቸው ሲሉ ነው። "በስልክ ሳወጣለት ይቆራረጥበታል። አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቆራረጥ ይስማኝ።" አሉ።

በዚያ ሰሞን አንድ አመሻሽ፣ አያ ጀማል ለአክስቴ ሲነግራት ከበሩ ኋላ ሆኜ ሰማሁ።

"የእመት ዘሃራ ሥራ ካማረልኝ ሰው ይመጣልኛል፣ እዚሁ እኖራለሁ። ካልሆነ ግን እኔም እንደ እህቴ ነኝ። ፓስፖርቴን አወጣለሁ።"

"ምላስህን ይቁረጠው! ይቺን ልጅ ለማን ትተህ?"

"ምን ላድርግ? ጊታር አንግቼ የሰው እጅ ሳይ ልኑር?"

ከዚያ በኋላ የእመት ዘሃራ ጉሮሮ የኔም ነገር ሆነ። ሲያስሉ ከሰማሁ ምሳ አይበላልኝም።

አያ ጀማል የመንዙማውን ከበሮ፣ ድቤውን፣ ቀድሞ ለብቻው ቀርጾት ነበር። በቀጠሮው ቀን እመት ዘሃራን ማይክሮፎኑ ፊት አስቀመጣቸውና የጆሮ ማዳመጫውን ሻሻቸው ላይ አደረገላቸው። እሱ ክፍሉን ለሁለት ከከፈለበት መጋረጃ ወዲህ ማሽኑ ጋ ተቀመጠ። እኔ አፌን ዘግቼ በሩ ሥር ነኝ።

"እመት፣ ድቤው በጆሮዎ ይመጣልዎታል። እርስዎ በላዩ ያውጡ።"

"ድቤ መቺዋ የት አለች?"

"ትናንት መትታ ሄዳለች።"

"ትናንት የመታችው ዛሬ ይሰማኛል? ሱብሃነላህ። የሚቀበሉኝስ ሴቶች?"

"እነሱን ነገ ለብቻቸው እንቀርጽና እንጨምራቸዋለን። ባንድ እያለን እንዲህ ነበር የምንሠራው፤ እያንዳንዱ በየተራው፣ ለየብቻው። ድምፁ ጥርት ይላል።"

እመት ዘሃራ ማዳመጫውን ነካ ነካ አደረጉ። "እንግዲህ እኔ ዛሬ አሰላሙ አለይኩም ልል ነው፣ መልሱ ነገ ሊመጣ ነው። በል እሺ፣ አንተ ታውቃለህ።"

ጀመሩ።

"እጄን ዘርግቻለሁ ቆሜ ከደጅህ፣
ባዶዬን አትመልሰኝ ሞልቶ ሳለ ቤትህ።"

ከዚያ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ይጠብቃሉ። ሁልጊዜ እዚህ ጋ ሴቶቹ ሁለተኛውን ስንኝ ተቀብለው ይመልሱታል፤ እሳቸውም በዚያ መሃል ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ፣ ቀጣዩም ግጥም ይመጣላቸዋል። አሁን የመለሰ የለም። አያ ጀማል ከመጋረጃው ኋላ ብቅ ብሎ "ይቀጥሉ፣ ይቀጥሉ" እያለ በእጁ ምልክት ይሰጣል።

"ሳይቀበሉኝ?"

"ይቀጥሉ ብቻ፣ ነገ ይቀበሉዎታል።"

ሞከሩ፤ ትንፋሽ አጠራቸው። ግጥሙም ጠፋባቸው። ሕይወታቸውን ሙሉ ያሉትን ነገር ረሱት። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና እዚያው ጋ ቆሙ። ከዚያ መብራት ሄደ፤ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በሚቀጥሉት ቀናትም ያው ነበር። አያ ጀማል ይረዳቸው መስሎት አንድ ቀን ጊታሩን አውጥቶ ቀስ አድርጎ ከሥር መታላቸው። ማዳመጫውን ከጆሯቸው አነሱት።

"ይሄ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?"

"ጊታር ነው፣ እመት። እንዲያጅብዎት ብዬ ነው።"

"አይክፋህ ልጄ። እኔ ዱዓ ላይ ድቤና ጭብጨባ እንጂ ሽቦ አላውቅም።"

እሱም ጊታሩን ወደ ቦርሳው መለሰው። የቦርሳው ዚፕ ሲዘጋ ያሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አክስቴ የተልባ ውኃ በማር እያደረገች ትልክላቸው ነበር። አልረዳም። በየቀኑ ድምፃቸው እየሻከረ፣ እየቀነሰ ሄደ። አያ ጀማል እርጅና ነው አለ። እኔ ግን ምክንያቱን አውቅ ነበር። ግድግዳው ነው። በየቀኑ ያወጣሉ፣ በየቀኑ ይውጣል፣ አይመልስም። የእንቁላል ካርቶኖቹም በዚያ ሰሞን ከዝናቡ የተነሳ አብጠው ነበርና፣ ጠግበው ያበጡ መሰለኝ። ለማን ልንገር? ብናገር ይስቁብኛል፤ ባልናገር እሳቸው ድምፅ አልባ ይሆናሉ፣ አያ ጀማልም ይሄዳል።

በመጨረሻ እመት ዘሃራ ማዳመጫውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

"ጀማል፣ አፉ በለኝ። አልቻልኩም። ድምፄ አልቋል።"

"አብሽሩ እመት፣ ምንም አይደል።" አለ። ደግፎ አስነሳቸውና እስከ ደጃቸው ሸኛቸው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከፎቶ ቤቱ ሲወጣ አየሁት። መጀመሪያ አላወቅኩትም። ፀጉሩን ተቆርጦ ነበር። እቤት ስገባ አክስቴ ጭንቅላቱን እየዳበሰች "እሰይ፣ አሁን ገና ሰው መሰልክ!" ትላለች። ጆሮዎቹ ትልልቅ ሆነው ታዩኝ። ደብተሬን ጥዬ ወጣሁ።

እመት ዘሃራ ደጃፋቸው ላይ ገብስ እያበጠሩ ነበር። አጥሩ ጋ ቆምኩ። ለመናገር ነበር የመጣሁት፤ እጄ ግን የአጥሩን ቅርፊት መላጥ ያዘ።

"ምን ሆነሽ? ከድጃ ላከችሽ?"

ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ።

"ታዲያ ምን ጠፍቶሽ ነው? ነይ ቅረቢ፣ ገብስ አይናከስም።"

"ድምፅዎን..." አልኩ። "ድምፅዎን ግድግዳው ነው የበላው። አላረጁም።" ከዚያ ሁሉም ነገር አብሮ ወጣ፤ ፎቶው፣ ፀጉሩ፣ ፓስፖርቱ፣ እናቴ። እያለቀስኩ እንደተናገርኩ ያወቅኩት ሻሻቸውን አውልቀው ፊቴን ሲጠርጉኝ ነው።

ይስቁብኛል ብዬ ነበር። አልሳቁም። ሰፌዱን አስቀመጡ።

"እውነትሽን ነው። እኔም አንድ ነገር ይበላኛል ስል ነበር፤ ምን እንደሆነ ጠፍቶኝ ነው።" አሉ። "ብቻዬን ስለገባሁለት ነው የጠገበብኝ። ብዙ ሆነን እንግባና ምን እንደሚያደርግ እናያለን።"

በማግስቱ ከሰዓት እመት ዘሃራ የዱዓ ሴቶቻቸውን አስከትለው መጡ። ድቤ መቺዋም ድቤዋን ታቅፋለች። አያ ጀማል ሽቦ እየጠቀለለ ነበር፤ ሲያያቸው ቆመ።

"እመት፣ ክፍሉ አይበቃም። ደግሞ ሁሉም አንድ ላይ ከሆነ አንዱን ካንዱ መለየት አልችልም። አንዷ ብትሳሳት ሁሉም ይበላሻል።"

"ተሳስተን እናውቃለን? ብንሳሳትስ አላህ ፊት የተሳሳትነውን አንተ ፊት እናፍራለን?" ሴቶቹ ሳቁ። "አንተ ቁልፍህን ያዝ፤ እኛ ቦታችንን እንይዛለን።"

ጫማ ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ገቡ። ጉልበት በጉልበት ሆነው ተቀመጡ። እትዬ አስካለ ጩኸቱን ሰምተው መጡና በሩን ሞልተው ቆሙ።

"ቤቴ ሊፈርስ ነው እንዴ?"

"ግቢ አስካለ፣ አንቺም ተቀበይ።" አሉ እመት ዘሃራ።

"እኔ መንዙማ ምን አውቃለሁ?"

"ባዶዬን አትመልሰኝ ማለት ያቅትሻል? አንቺም ደጅ ላይ የቆምሽበት ቀን የለም?"

"ወላሂ አለ።" አሉና ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

አያ ጀማል የጠቀለለውን ሽቦ መልሶ ዘረጋው። ከዚያ ማዳመጫውን ነቅሎ ወረወረው። መጋረጃውን ገለጠ። አንዱን ማይክሮፎን መሃል አደረገ፤ ወደ እመት ዘሃራ ትንሽ አዘነበለው፤ ድቤ መቺዋን ወደ ጥጉ አራቃት፤ ድምፀ ቀጭን ሴቶችን ወደፊት አመጣ። አንድም ቃል ሳይናገር በእጁ ብቻ። ሥራው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ትንሽ ገባኝ።

እመት ዘሃራ እኔን ከጎናቸው ስበው አስቀመጡኝ። ድቤው ተመታ፤ ጀመሩ። ሴቶቹ ተቀበሉ። እኔ አፌን ብቻ እከፍት እዘጋ ነበር። ድምፄን ለግድግዳው መስጠት አልፈለግኩም። እሳቸው ግን ክርኔን ያዙኝ፤ ሳይለቁኝ ቀጣዩን አወጡ። ወደ አያ ጀማል አየሁ። አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የሚመጣውን የሚፈራ ሰው ይመስላል። እሱም ፈርቶ ነበር። ይሄ እንቢ ካለ ይሄዳል። ድምፄን ይብላው አልኩና ለቀቅኩት።

ግድግዳው ጋ አልደረሰም። ትከሻዬ ከትከሻቸው ተጣብቆ ስለነበር የሴቶቹ ድምፅ በጎድን አጥንቴ በኩል ይገባል፣ የኔም በዚያው ይወጣል። ሙቀት ነበር፤ የቅቤና የላብ፣ የእርጥብ ካርቶንም ሽታ። እመት ዘሃራ እኛ ስንቀበል ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ፤ ግጥሙም አንዱ ካንዱ እየተከታተለ መጣላቸው። ሰምተነው የማናውቀው ሁሉ መጣ። አያ ጀማል ሳያውቀው እያጨበጨበ ነበር። ያ ጭብጨባ ቅጂው ውስጥ አለ።

መንዙማው ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ሄደ። ወደ ወረኢሉ የሚሄዱ ሚኒባሶች ከፈቱት፤ የጭነት መኪኖች ከፈቱት። የእመት ዘሃራ ልጅ ከሪያድ ደውሎ ማልቀስ እንጂ መናገር አቃተው። ከገጠር ሙሽራ አጃቢዎች፣ ዋሽንት ነፊ ገበሬ፣ አንድ ቀን ደግሞ መሰንቆውን በከረጢት የጠቀለለ ሰው መጡ። የእትዬ አስካለ ጓሮ በሰው ተሞላ። እኔ እህል መብላት ጀመርኩ። ጫማውን ማየት ተውኩ።

ስለዚህ አዲሱን ጫማ ያየሁት ከሁሉም ኋላ ነው። አልጋው ሥር ከነካርቶኑ ነበር። አዲስ አበባ ሽቦ የተሸከመበት ስቱዲዮ መንዙማውን ሰምቶ ጠርቶታል፤ የሚቀረጸውን መርጠህ የምትሠራው አንተ ነህ ብለውታል። አክስቴ ስትነግረኝ ደስ ብሏት ነበር። እኔ ነገሩን ደጋግሜ አሰብኩት። ካልሆነ እሄዳለሁ ነበር ያለው። ሆነ። ስለሆነ ደግሞ ሊሄድ ነው። ይህን የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

የሄደ ቀን ጉም ነበር፤ ከሚኒባሱ ወዲያ ያለው ሱቅ አይታይም። የሰፈሩ ሰው መናኸሪያው ላይ ተሰበሰበ። እመት ዘሃራ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉለት።

"መንገድህን ያቅናልህ።"

"አሚን!" አለ ሰው ሁሉ። እትዬ አስካለም፣ ረዳቱም።

"እንጀራህን ይባርክልህ።"

"አሚን!"

እናቴንም እንዲህ ነው የሸኟት። ያኔ ከሁሉም በላይ ጮኼ አሚን ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ ከዚያ በሩ ተዘጋና መኪናው ሄደ። አሁን ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩ። አሚን ካላልኩ የሚዘጋ በር አይኖርም።

"ሄዶ እንዳይቀር፣ ወደኛ ይመልሰው።"

"አሚን!"

እመት ዘሃራ አልቀጠሉም። እጃቸውን እንደዘረጉ ቆሙ።

ሹፌሩ ጥሩምባውን ነካ አደረገ። "እማማ፣ መንገዱ ሩቅ ነው።"

"ታገሥ አንተ፣ ያልተቀበለኝ ሰው አለ።" አሉ። ወደ እኔ አላዩም። ዱዓውን ደገሙት፤ አሁን ቀስ ብለው፣ ለሁለታችን ብቻ በሚመስል ድምፅ። "ሄዶ እንዳይቀር፣ ወደኛ ይመልሰው።"

ቀና አልኩ። አያ ጀማል ሚኒባሱ በር ላይ ቆሞ መዳፎቹን ደረቱ ጋ እንደዘረጋ ነው። ሌሎቹ ሁሉ አሚን ብለው እጃቸውን ወደ ፊታቸው መልሰዋል፤ እሱ አልመለሰም።

"አሚን።" አልኩ።

ሞተሩ ዋጠው መሰለኝ፤ እኔ ራሴ አልሰማሁትም። እሱ ግን መዳፎቹን ወደ ፊቱ ወስዶ ከግንባሩ እስከ አገጩ ጠረገ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ገባ።